ወገብ፣ ማጅራትና ኩንታል

ቲክቶክ ላይ አንገት ሲጠመዘዝ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ባለሙያው በአንድ እጁ አገጭ፣ በሌላው ማጅራት ይይዝና ድንገት ቀጭ ያደርገዋል። የተኛው ሰው «እፎይ!» ይላል፤ ከሥር ያለው ሕዝብ ደግሞ «አድራሻው የት ነው?» ይላል። ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ እዚያው እንዲህ ያለ ባለሙያ፣ ካይሮፕራክተር የሚሉት ጋ ተመላልሶ ወገቡ ስለተሻለው፣ መተማ፣ ገንዳ ውሃ ያለውን ታላቅ ወንድሙን አዲስ አበባ ወስደን እንድናሳክምለት ቤተሰቡን መቆሚያ መቀመጫ ነስቶታል። ወንድምየው የሰሊጥ መጋዘን ጫኝና አውራጅ ነው። ወገቡን ይቆርጠዋል፤ ከማጅራቱ ተነስቶ ግንባሩ ድረስ የሚወጣ ራስ ምታትም አለበት። «አንተ ታነባለህ፣ ምን ትላለህ?» ተባልኩ። በድምፅ ልልክላቸው የጀመርኩት መልስ ሲረዝምብኝ፣ መተማ፣ ቋራና ምዕራብ አርማጭሆ ላላችሁትም ይሆናል ብዬ እዚህ ጻፍኩት።

ካይሮፕራክቲክ የተጀመረው በ1895 (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አሜሪካ፣ አዮዋ ግዛት፣ ዳቬንፖርት ከተማ ነው። ጀማሪው ዲ.ዲ. ፓልመር ሐኪም አልነበረም፤ በእጁ መግነጢሳዊ ኃይል እፈውሳለሁ የሚል ሰው ነበር። ሃርቪ ሊላርድ የሚባል የሕንፃ ጽዳት ሠራተኛ ጆሮው ደንቁሮ ኖሮ፣ ፓልመር ጀርባው ላይ ወጣ ያለ አጥንት አገኘሁ ብሎ ገፋው፤ ሰውየውም መስማት ጀመረ ተባለ። ፓልመር ከዚህ ተነስቶ የሰው በሽታ ሁሉ ማለት ይቻላል ከቦታው ፈቀቅ ያለ አከርካሪ ነርቭ ሲጫን የሚመጣ ነው ወደሚል ድምዳሜ ሄደ። ከአንድ ሰው ጀርባ ተነስቶ የዓለምን በሽታ መፍታት እኛም ሰፈር የማይታጣ ድፍረት ነው። በ1906 ያለ ፈቃድ አክመሃል ተብሎ ታሰረ። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ሙያውን ለረጅም ዘመን አገለለው፤ ካይሮፕራክተሮቹ በ1976 ከሰሱትና በ1987 ፍርድ ቤቱ ማኅበሩ ሕገ ወጥ አድማ አድርጎባቸዋል ብሎ ፈረደላቸው። ፍርዱ ስለ ንግድ ውድድር እንጂ ስለ ፈውስ አልነበረም። ዛሬ ብዙዎቹ የፓልመርን «በሽታ ሁሉ» ትተው በወገብ፣ በአንገትና በራስ ምታት ላይ ነው የሚሠሩት፤ አሜሪካ ውስጥም ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት ተምረው ፈቃድ ይወስዳሉ።

እኛ ዘንድ ይሄ እጅ ያለው ወጌሻ ነው። ከተሜው ቃሉን የሚያውቀው ከኳስ ሜዳ ነው፤ ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳና በረዶ ይዞ የሚሮጠው «የቡድኑ ወጌሻ»። ገጠሩ ግን ውልቃት የሚመልስለት፣ ስብራት የሚያስርለት፣ ወለምታ የሚያሽለት ሌላ ሰው የለውም። ድንበሩን ተሻግራችሁ ጋላባት ብትገቡም ያው ነው፤ የሱዳኖቹ በሲር የእኛን ወጌሻ ሥራ ይሠራል። ለራስ ምታት የእኛ ሰው ዋግምት ሲያስደርግ እነሱ ሂጃማ ይላሉ።

አንድ ጎበዝ ወጌሻ ሲሠራ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ሰውየው በደረቱ ምንጣፍ ላይ ተኛ። «አያ፣ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም» አለ። «ዝም በል፣ ጡንቻህን አትወጥር» አሉት። የሰሊጥ ዘይት መዳፋቸው ላይ አፍስሰው እየፈተጉ አሞቁት፤ ከዚያ ሁለቱን አውራ ጣቶቻቸውን ከአከርካሪው ግራና ቀኝ አድርገው ከማጅራት እስከ ወገብ ቀስ ብለው ወረዱ። ዓይናቸው በር በሩን ነው የሚያየው፤ የሚያነበው ጣታቸው ነው። ታች ሲደርሱ ቆሙና «እዚህ ነው?» አሉ። ሰውየው ከምንጣፉ ላይ ዘለለ። እንዲያ ተጭነውት ካልዘለለማ መቼ ሊዘል ነው? ብቻ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቀጥ ብሎ ሲሄድ አየሁት፤ ይሄን ልክድ አልችልም።

ሐኪሞችም የሚክዱበት ምክንያት የለም። ጄምስ ፓጄት የሚባለው ስመ ጥር የእንግሊዝ ቀዶ ሐኪም ገና በ1867 ወጌሻዎች ስለሚያድኗቸው ሕመሞች ንግግር አሳትሞ፣ ባልደረቦቹን ከእነሱ ደግ ደጉን ቅሰሙ፣ ክፉውን ተዉት ብሏቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ባወጣው የከረመ የወገብ ሕመም መመሪያ አከርካሪን በእጅ ማንቀሳቀስንና ማሸትን ሊረዱ ከሚችሉት ውስጥ አስገብቷቸዋል፤ ከእንቅስቃሴና ከምክር ጋር ተደምረው እንጂ ለብቻቸው አይደለም። ከማይመከሩት ውስጥ ደግሞ በየፋርማሲው የሚሸጠው የወገብ ቀበቶ አለበት። በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰው የወገብ ሕመም እንደነበረበት ተገምቷል፤ ይሄ ሁሉ ሰው «ዲስኩ ተንሸራቶ» አይደለም። አብዛኛው የወገብ ሕመም በራጅ የሚታይ ምክንያት የለውም፤ ድንገት የያዘው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይለቃል። ሰው ወጌሻም ጋ ሆነ ካይሮፕራክተር ጋ የሚሄደው ሕመሙ በጠናበት ቀን ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መሻል ሁሉ ለያዘው እጅ ይመዘገባል።

ያ «ቀጭ» የሚለው ድምፅም አጥንት ወደ ቦታው ሲገባ የሚወጣ አይደለም። በ2015 የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጣት ሲጮህ በኤም.አር.አይ ቀርጸው፣ መገጣጠሚያው ድንገት ሲላቀቅ በመሃሉ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ባዶ ቦታ እንደሚፈጠር አይተዋል። ጣታችሁን ስታንቋቁ የምትሰሙት ማለት ነው። ደስ ይላል፤ ማስረጃ ግን አይደለም።

ራስ ምታት ላይ ነገሩ ይሳሳል። ከአንገት ለሚነሳ ራስ ምታት የእጅ ሕክምና ጥቂት ሊረዳ ይችላል። ማይግሬንን በተመለከተ ግን ኖርዌይ ውስጥ 104 ታማሚዎች ላይ ተሠርቶ በ2017 የወጣ ጥናት አለ። ለአንዳንዶቹ እውነተኛው የእጅ ሕክምና፣ ለሌሎቹ አስመሳዩ ተሠራላቸው። ማይግሬኑ በሁለቱም ወገን ቀነሰ፤ እውነተኛው ከአስመሳዩ አልበለጠም። አንገት ደግሞ እንደ ወገብ አይደለም። ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ሥሮች በዚያ ስለሚያልፉ፣ ድንገተኛ ጥምዘዛ አልፎ አልፎ የሥሩን ግድግዳ ቀድዶ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ የደረሰበትን ሰው ግን ማንም አይክሰውም።

እስካሁን ያልኩት ለቨርጂኒያም ይሠራል። የመተማው ራስ ምታት ግን የቨርጂኒያው ራስ ምታት አይደለም፤ የአክስቴን ልጅ ያልገባው ይሄ ነው።

ከመስከረም ጀምሮ ሰሊጥ ሲደርስ ከጎጃም፣ ከደቡብ ጎንደር፣ ከወሎ ወጣቱ እየተግተለተለ ወደ ቆላው ይወርዳል። ደገኛ ነው፤ ወባን የለመደ ደም የለውም። ማሳ ላይ ያድራል፣ አጎበር የለውም፣ ቀን ሐሩሩ ውስጥ ውሃ ይጠማዋል። እንዲህ ያለ ልጅ «ራሴን ፈለጠኝ፣ ወገቤንና መገጣጠሚያዬን ቆረጣጠመኝ» ሲል ነገሩ ወባ ሊሆን ይችላል፤ የሚፈልገው የደም ምርመራ እንጂ መታሸት አይደለም። ትኩሳት ኖሮት አንገቱ አልታጠፍ ካለው፣ ብርሃን ካስጠላው፣ ካስመለሰው፣ እሱ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። ያን አንገት ለማላላት የሚጠመዝዝ እጅ፣ ባለ ዲፕሎማም ይሁን ባለ ቅባት፣ ልጁ ሊድን የሚችልበትን ሰዓት እየበላ ነው። ሳምንታት የቆየ ትኩሳት ከክሳትና ከሆድ ማበጥ ጋር ከሆነ ደግሞ የዚያ አካባቢ ሰው ካላዛርን ያውቀዋል።

ወገብም እንዲሁ ነው። ጥሬ ወተት የሚጠጣ፣ ከከብት ጋር የሚውል ሰው እየሄደ በሚመለስ ትኩሳትና ላብ የታጀበ የወገብ ሕመም ከያዘው ብሩሴሎሲስ መጠርጠር አለበት። ማታ ማታ የሚያልበው፣ የሚከሳ፣ ጀርባው መሃል ላይ ጉብ ያለበት ከሆነ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ቲቢ የበላውን አከርካሪ መጫን ሰውን እግር ያሳጣል። እግር ሲዝል፣ ሽንት አልታዘዝ ሲል፣ በእግሮች መሃል ያለው ቦታ ሲደነዝዝ ወጌሻም ካይሮፕራክተርም የለም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። ስብራቱ ጠብቆ ታስሮ እጁ ጠቁሮ፣ ደም አልፈስ ብሎት የተቆረጠበትን ልጅ ታሪክ ደግሞ የአገራችን የአጥንት ሐኪሞች ጠይቋቸው፤ ሲነግሯችሁ ይውላሉ።

ስለዚህ እኔ ወጌሻን የምመዝነው በእጁ ልስላሴ ሳይሆን ከመንካቱ በፊት በሚጠይቀው ነው። «ትኩሳት አለህ? ከስተሃል? እግርህ አልታዘዝ ይልሃል?» ካለና አንዱን «አዎ» ያለውን «እኔ አልነካህም፣ ሐኪም ጋ ሂድ» ብሎ ከመለሰ፣ ያ ሰው ባለሙያ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ታፔላ የሰቀሉትን ካይሮፕራክተሮችም በዚያው ሚዛን ነው የማያቸው። «ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለመካንነት» የሚል ከሰማችሁ ፓልመር ተነስቷል ማለት ነው፤ ውጡ። ከመተማ ለሚነሳ ሰው ደግሞ አዲስ አበባ ከመድረሱ በፊት ጎንደር አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን የሚያስተምር ተቋም ነው፤ እጅም አላቸው፣ ላቦራቶሪውም ራጁም እዚያው ነው። የአክስቴ ልጅ የሚልከው ብር ለዚያ ይተርፋል።

አሁን ወደ ኩንታሉ።

ሰሊጥ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬው ከፍቶ ይረግፋል፤ አጫጁ ከጎህ ጀምሮ ወገቡ ላይ ታጥፎ በማጭድ ከሥሩ እየቆረጠ፣ እያሰረ፣ ሂላ እያቆመ ይውላል። ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በሠራው ልክ ስለሆነ ቀና ማለት ገንዘብ ማጣት ነው። ከዚያ ተራግፎ፣ ተበጥሮ፣ ተሰፍቶ መቶ ኪሎ ይሆንና ጫኝና አውራጁ ማጅራት ላይ ይወጣል። ሁለት ሰው አንስቶ ይጭነዋል፤ እሱ አንገቱን ወደ ፊት ቀብሮ፣ በተጋደመ ሳንቃ ላይ ወደ ድርድሩ አናት ይወጣል። ሳንቃው ሲረግብ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ከላይ ሲያራግፈው አንገቱን በመዳፉ እያሸ ይወርድና ተራ ይይዛል። ያ ከማጅራት ተነስቶ ግንባር የሚደርስ ራስ ምታት ለእኔ ብዙም ምሥጢር አይደለም፤ ትኩሳት እስከሌለበት ድረስ።

የዓለም ሥራ ድርጅት በ1967 ባወጣው ምክር አንድ ጎልማሳ ወንድ አዘውትሮ ሊሸከም የሚገባው ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ ብሏል። የእኛ ኩንታል እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ወንድምየውን በሳምንት ሁለቴ ብናሳሸው፣ ያሸው እጅ የሚያላላውን በማግስቱ ሳንቃው ያጠብቀዋል። ሲሚንቶ በ50 ኪሎ ይመጣል፣ የአፈር ማዳበሪያ በ50 ኪሎ ይመጣል፤ ሰሊጥ በ50 ኪሎ እንዳይሰፋ የከለከለው ተፈጥሮ የለም። ይሄን ለአንድ ባለ መጋዘን ስነግረው «ነጋዴውማ ምን ቸገረው፣ እምቢ የሚሉህ እነሱ ናቸው» አለኝ። እውነቱን ነው። የሚከፈላቸው በጆንያ ነው፤ ጆንያው ሲያንስ ሒሳቡም አብሮ እንዳይወርድባቸው ይፈራሉ። ክፍያው በጆንያ መሆኑ ቀርቶ በተራገፈው ኪሎ ይሁን፣ ያኔ ሁለት ጊዜ የሚመላለስበት ድካምም ይታሰብለት። ዘንድሮ ሰሊጥ ከመሰፋቱ በፊት ከጫኝና አውራጅ ማኅበራቱ ጋር ይሄን ቁጭ ብሎ የሚነጋገር ባለ መጋዘን ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ወንድምየውን ይዤ እመጣለሁ።