ድንበር ላይ ሲተኮስ ቤተ መንግሥት ውስጥ ምን ይሆናል?

ገላን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ወሬ ግን ፈረቃ የለውም። ከ2016 ወዲህ እየሄደ የሚመለስ አንድ ወሬ አለን፤ "ከሻዕቢያ ጋር ሊጀመር ነው አሉ" የሚል። ማን እንዳለ አይታወቅም። ኮሙናሉ ጋ ቡና የሚጠጡት ይሉታል፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ያሉት ይሉታል፣ ፌስቡክ ደግሞ ካርታ ጨምሮበት ይለዋል።

እኛ፣ በአንድ ብሎክ የምንኖር ሦስት ጓደኛሞች፣ ወሬውን የምንመዝንበት አንድ ዘዴ አለን። ድንበሩን ለጊዜው ትተን ቤቱን እናያለን። አዲስ አበባና አስመራ ውስጥ ማን ከማን ተጣልቷል? ማንስ ከማን ታርቋል? (ዘዴው የእኛ ግኝት አይደለም። አባቶቻችን በሹክሹክታ ሲያደርጉት ኖረዋል።)

የባድመ ጦርነት በ1990 ሲጀመር ከመካከላችን አንዱ አራስ ነበር፤ ሁለታችን አልተወለድንም። የምናውቀው ከወላጆቻችንና ከመጻሕፍት ነው። አብረው ደርግን የጣሉ ሁለት ግንባሮች በ1983 ሥልጣን ያዙ፤ በ1985 ኤርትራ በሕዝበ ውሳኔ ነፃ አገር ሆነች፤ በ1990 መጀመሪያ ኤርትራ ናቅፋን አሳተመችና በንግዱ ተኳረፉ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ተዋጉ። ሁለት ዓመት በፈጀው ጦርነት ከ70 ሺህ በላይ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ኤርትራ በ1993 የእኔ ሙታን 19 ሺህ ናቸው አለች። የእኛን ሙታን ቁጥር ግን መንግሥት በይፋ ሲነግረን አልሰማንም። ስንት ሰው እንደሞተበት ያልተነገረው ሕዝብ ስለሚቀጥለው ጦርነት በምን ሒሳብ ያስባል?

የብሎካችን ዘበኛ ያኔ ዘምተዋል፤ በግንቦት 1992ቱ ማጥቃት እግራቸውን ተመተዋል። ጋሼ ስለ ጀግንነት ብዙ አያወሩም። "ባድመ እንዴት ያለ አገር ነው?" ብለን ስንጠይቃቸው "አቧራ ነው ልጆቼ፣ አቧራና እሾህ" አሉና ወደ በሩ ሄዱ። ለውሃ ቦቴ መክፈት ነበረባቸው።

ከጥይቱ በኋላ የመጣው

አሁን ወደ ዘዴያችን። የአልጀርስ ስምምነት ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ተፈረመ። ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ፣ መጋቢት ላይ፣ ሕወሓት ለሁለት ተሰነጠቀ። አንደኛው ወገን አቶ መለስን ለኤርትራ ተለሳልሷል ብሎ ከሰሰ፤ ተሸነፈ። በጦርነቱ ገናና የነበሩት አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተከሰው ታሰሩ፤ ኤታ ማዦር ሹሙ ጄኔራል ጻድቃንም ተሰናበቱ። አስመራ ደግሞ መስከረም 8 ቀን 1994 ፕሬዚዳንት ኢሳይያስን በደብዳቤ ከተቹት 15 ባለሥልጣናት መካከል 11ዱ ታሰሩ፤ የግል ጋዜጦች በዚያው ሰሞን ተዘጉ። ሁለቱ ከተሞች በአንድ ዓመት ልዩነት ውስጥ ቤታቸውን ጠረጉ። በአጋጣሚ ነው የሚለን ካለ እንሰማዋለን፤ ለማመን ግን ይከብደናል።

ቀጥሎ የሆነው ያስቃል፣ ያስለቅሳልም። የድንበር ኮሚሽኑ ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ሲወስን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራችን አቶ ስዩም መስፍን ባድመ ለእኛ ተወሰነች ብለው አበሰሩ። ባድመ ግን ለኤርትራ ነበር የተወሰነችው። ያን እውነት ለሕዝቡ መንገር ሥልጣን ያናጋ ነበርና ጉዳዩ ተንጠለጠለ። ከዚያ እስከ 2010 ጦርነትም ሰላምም ያልሆነ ዘመን ኖርን። እዚያ ማዶ የ18 ወሩ ብሔራዊ አገልግሎት ማብቂያ አጣ፤ ሰበቡ "ወያኔ ሊወረን ነው" ነበር። እዚህ ደግሞ "የሻዕቢያ ተላላኪ" የሚለው ስም ተቃዋሚውንም ጋዜጠኛውንም ከእኛ ሰፈር ብዙ የማይርቀው ቃሊቲ ያስገባ ነበር። አስመራ የእኛን ታጣቂ ተቃዋሚዎች ማስጠለሏ እውነት ነው። ስሙ ግን ለእነሱ ብቻ አልዋለም።

2010 ሲመጣ ሁላችንም ወጣቶች ነበርን፤ ሐምሌ ላይ አውሮፕላኑ አስመራ ሲያርፍ እንባችን መጥቷል። ደስታው እውነተኛ ነበር። በዘዴያችን ስናየው ግን ያ ሰላምም የቤት ፖለቲካ ነበረበት፤ ሁለቱ መሪዎች አንድ የጋራ ባላንጣ ነበራቸው፤ መቀሌ። መስከረም 1 ቀን 2011 የተከፈተው የዛላምበሳ በር ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ። ድንበሩም አልተካለለም። በ2012 የኖቤል ሽልማት መጣ፤ በ2013 የትግራይ ጦርነት። የኤርትራ ጦር መግባቱ ለወራት ተክዶ መጋቢት 2013 ላይ ታመነ። ጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ሲፈረም አስመራ ከጠረጴዛው አልነበረችም፤ የትናንት ወዳጆች ፊት መዞር ጀመሩ። ጥቅምት 2016 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለ ቀይ ባሕር ተናገሩ፤ በዓመቱ መጨረሻ የአስመራ በረራ ቆመ፤ በመስከረም 2018 ደግሞ መንግሥት አስመራንና ሕወሓትን በአንድ ላይ ለተባበሩት መንግሥታት ከሰሰ። ጠላትና ወዳጅ በአምስት ዓመት ውስጥ ቦታ ተቀያየሩ። ድንበሩ ግን ያው የቆመበት ነው።

የባሕሩ ጥያቄ ባዶ ነው አንልም። በአቃቂ መንገድ ቀንና ሌሊት የሚያልፉትን የጂቡቲ ተሳቢዎች እናያለን፤ ከ90 በመቶ በላይ የገቢና ወጪ ንግዳችን በአንድ በር ነው የሚያልፈው። ዘይቱም ነዳጁም የዚያን በር ኪራይ ይከፍላል። ግን ጥያቄው ለሃያ ዓመት ተኝቶ ለምን አሁን ነቃ? አማራ ክልል ውስጥ ጦርነት፣ ትግራይ ውስጥ ያልተዘጋ ቁስል፣ ገበያው ላይ እሳት ባለበት ሰዓት? የአስመራም ነገር ያው ነው፤ ምርጫ አድርጎ የማያውቅ መንግሥት ያለ ጎረቤት ሥጋት ወጣቱን በምን ምክንያት ምሽግ ውስጥ ያቆየዋል?

አራተኛ ፎቅ ከአስመራ የመጣች ጎረቤት አለችን። በ2011 በሩ ክፍት ሳለ ነው የተሻገረችው። በዓል ሲሆን ሕምባሻ ትሰጠናለች። በ1990ው ጦርነት 75 ሺህ ገደማ የኤርትራ ተወላጆች ቤትና ሱቃቸውን ጥለው ከኢትዮጵያ መባረራቸውን፣ ከወዲያም በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን መባረራቸውን ከእኛ በላይ ታውቃለች፤ አክስቷ አንዷ ነበረች። ድሮ ደረጃው ላይ ቆማ እየሳቀች በትግርኛ ስልክ ታወራ ነበር። አሁን በር ዘግታ ነው። ፍሪጅ ልትገዛ ብር ስታጠራቅም ቆይታ ነበርና ምን ላይ ደረስሽ ስንላት ተወችው አሉን አሉ እንዳንባል ራሷን ጠየቅናት።

"ለመሸከም አይመችም" አለችን።