ቤቱ በማን ስም ይቆማል? ከካፋዋ ደካ መንደር
አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ወደ ካፋ እንደምሄድ በሰማች ዕለት ከጠረጴዛዬ አጠገብ ቆማ፣ «እባክሽ ደካ ድረስ ሂጂና እናቴን አይተሽልኝ ነዪ» አለችኝ። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሦስት ዓመት ሙሉ ለቤት ማሠሪያ ከደመወዜ እየቆረጥሁ ልኬአለሁ። እስካሁን ግን አንድ ምሰሶ ቆመ ሲባል አልሰማሁም። ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ በዓይንሽ አይተሽ ንገሪኝ» ስትል ዐደራ ጣለችብኝ።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ሐሳብ የእርሷ ብቻ አይደለም። በከተማ ከምንኖረው እናቶችና ሠራተኞች ብዙዎቻችን የገጠር ልጆች ነን። የራሳችንን ልጆች በኪራይ ቤት እያሳደግን፣ አገር ቤት ላለች እናት ደግሞ ዝናብ የማያስገባ ጣሪያ ለማቆም ከዕቁባችን እንቆጥባለን። ለመሆኑ ያ ቤት እንዲሠራ የሚፈቅደው ማነው? በማን መሬት፣ በማንስ ስም ነው የሚቆመው? እኔም ደካ እስክደርስ ድረስ ይህን ጥያቄ አንሥቼው አላውቅም ነበር።

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጅማ ያደረ መንገደኛ በማግስቱ ጠዋት የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ ካፋ ይገባል። ከወንዙ ወዲያ አየሩ ይረጥባል፤ ዛፉ እየበዛ፣ ጉሙም ከኮረብታው ላይ እየወረደ መንገዱን ይከልለዋል። ከጅማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ ቦንጋ ከኮረብታዋ ላይ ብቅ ትላለች። ቦንጋ የካፋ ዞን ዋና ከተማ ናት። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረትም ከክልሉ መቀመጫ ከተሞች አንዷ ሆናለች።

የካፋ ደን የዱር ቡና መገኛ በመሆኑ በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ አስፍሮታል። አገሩም በሦስት የተከፈለ ነው። ጨርሶ የማይነካ እምብርት አለ፤ በእርሱ ዙሪያ በጥንቃቄ የሚሠራበት መከለያ አለ፤ ከዚያ ውጭ ደግሞ ሰው የሚያርስበትና የሚኖርበት ክፍል አለ። ስለዚህ ካፋ ውስጥ ባዶ መስሎ የታየ መሬት ሁሉ ለቤት መሥሪያ አይሆንም። ከጓሮው ጀርባ ደን ያለው ሰውም ምሰሶ ባሻው ጊዜ እየገባ የሚቆርጥበት ዘመን አልፏል።

ደካ የደረስሁት ቀትር ላይ ነበር። የባልደረባዬ እናት ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ፣ ፊታቸው ፈገግታ የማይለየው ሴት ናቸው። ቤታቸው የሣር ክዳን ጎጆ ሲሆን ከበስተጀርባው የእንሰቱ ጓሮ ጥቅጥቅ ብሎ ይታያል፤ ከጥላ ዛፎቹ ሥር ቡና አለ። ክዳኑ አርጅቶ በአንድ ወገን ሳስቷል፤ ከሥሩም ጠብታ የሚቀበል ድስት ተቀምጧል። ቡና ተፈልቶ፣ ቆጮ ቀርቦ፣ የልጃቸውን ደኅንነት ደጋግመው ከጠየቁኝ በኋላ ለምን እንደመጣሁ ገባቸው መሰለኝ ብድግ አሉ።

«ልጄ ተቆጥታለች። ነዪ እዪ» አሉኝና ወደ ጓዳ መርተው አስገቡኝ። ሰሌኑን ሲገልጡት አርባ ሁለት ቅጠል ቆርቆሮ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። በሁለት ጣሳ ሚስማር ሞልቷል። አንድ በአንድ እየነኩ ቆጠሩልኝ። «ብሯን አልበላሁትም። ያልጀመርሁት ስሙ ስላልተስተካከለ ነው። ቆርቆሮ ቢነቀል ተመልሶ ይመታል፤ መሬቱ በስሜ ካልሆነ ግን ቤቱን ማን የእርስዎ ነው ይለኛል?» አሉ።

«ቤቱ ዝናብ እያስገባ ስንት ዓመት ይጠብቃሉ፣ እማማ?» ብላቸው፣ «እኔ ቤቴን ሁለት ጊዜ ተሸክሜአለሁ፣ ልጄ። ሦስተኛ አልሸከምም» ሲሉ መለሱልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመንደር ምሥረታ በ1977 ዓ.ም. በሐረርጌ ተጀምሮ በኋላ በአገሪቱ ሲስፋፋ፣ እሳቸው በሌላ ቀበሌ አዲስ ሙሽራ ነበሩ። ተበታትኖ የሚኖረው ገበሬ አንድ ላይ ቢሰፍር ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና የቧንቧ ውኃ ይቀርብለታል የሚል ነበር ዓላማው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ 12 ሚሊዮን ያህል ሰው ወደ አዳዲስ መንደሮች ገባ። ቤቶቹ በገመድ በተለካ ቀጥ ያለ መሥመር ላይ ተተከሉ። «ምሰሶውንና ማገሩን ነቅለን በትከሻችን ተሸክመን ሄድን። የእንሰት ጓሮዬ ግን በትከሻ አይሄድም፤ ቀረ። ጠዋት ማታ ለቆጮው የምመላለሰው እኔ ነበርሁ» ይላሉ። በ1982 ዓ.ም. የኢኮኖሚው መመሪያ ሲለወጥ በየአገሩ ብዙ ገበሬ መንደሩን እያፈረሰ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። እሳቸውም እነዚያኑ ምሰሶዎች መልሰው ተሸከሙ።

ያ መንደር ፕላን አልነበረውም ማለት አይቻልም። ፕላን ነበረው። ነገር ግን ውኃ የምትቀዳውን፣ እንሰት የምትፍቀውንና ልጅ አዝላ የምትመላለሰውን ሴት የጠየቀ አልነበረም። የቤት ፈቃድ ሲባል ማኅተም ብቻ መስሎ ለሚታየን ለእኛ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

አሁን ወደ ስሙ ጉዳይ እንመለስ። በ1967 ዓ.ም. የካቲት ወር የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የጾታ ልዩነት ሳይደረግ በጉልበቱ ለማረስ ለሚፈልግ ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። ይሁን እንጂ መሬቱ የተደለደለው በቤተሰብ ኀላፊ ስለነበረ፣ በየመዝገቡ የሠፈረው ስም አብዛኛውን ጊዜ የባል ነበር። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 ግን ባልና ሚስት በጋራ በያዙት መሬት ላይ የይዞታ ደብተሩ በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ። ይህን አዋጅ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 ተክቶታል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተዳደርና በመቆጣጠር ረገድ ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል።

ሕጉ ይህን ቢልም መዝጋቢው የሚጽፈው ፊቱ የቀረበለትን ስም ነው። የእኚህ እናት ባለቤት በምዝገባው ዕለት ብቻቸውን ሄዱ፤ እሳቸው ደግሞ ለቅሶ ላይ ነበሩ። ደብተሩ በአንድ ስም ወጣ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ዘመዶች፣ «የፈለግሽው ቦታ ላይ ሥሪ፤ ማን ይጠይቅሻል?» አሏቸው። እሳቸው ግን፣ «ዛሬ የማይጠይቀኝ ነገ ልጆቼን ይጠይቃል» ብለው ስሙ እስኪዞር ድረስ ቆርቆሮውን አቆሙት። የቸኮለች አፍሶ ለቀመች ይባል የለ?

ሌላም ክርክር ነበር። ልጃቸው ከአዲስ አበባ ሆና ቤቱ ከመኪና መንገዱ ዳር እንዲሠራ ትፈልግ ነበር። መንገድ ዳር ቢሆን ሱቅም ይከፈትበታል፣ ከዓመታት በኋላም መንደሩ ከተማ መሆኑ አይቀርም ባይ ናት። ሐሳቧ መልካም ነው፤ ግን ጥንቃቄ ይሻል። የገጠር መንደር ከተማ ተብሎ በክልል ውስጥ ሲገባ ሕጉም ይለወጣል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ነዋሪዎች እንዲወያዩበት ይጠይቃል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ደግሞ ሲታወጅ 10 ሺህና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ላይ ያተኮረ ነበር። በገጠር መንደር ውስጥ ላለ የጭቃ ቤት የመሐንዲስ ንድፍ የሚጠይቅ ባይኖርም፣ መሬቱ ያንቺ መሆኑንና ለመኖሪያ የሚውል መሆኑን የሚጠይቅ ግን አለ። ነገ የከተማ መንገድ ወይም የገበያ ቦታ ይሆናል ተብሎ በሚታሰብ ሥፍራ ላይ ያለ ማስረጃ የተሠራ ቤት ባለቤቱን ከኪሳራ አያድንም።

በዚያው ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር ወጣት አስተማሪም ይህንኑ ጉዳይ አነሣችልኝ። እርሷ የእርሻ መሬት የላትም፤ በደመወዟ ብቻ የምትኖር ናት። «እኔ ማኅበር ብገባ ይሻለኛል» ትላለች። ሐሳቧ መሠረት አለው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ የከተማ ቦታ በጨረታ እንዲሰጥ ቢደነግግም፣ ለሕዝብ የመኖሪያ ቤት ፕሮግራሞችና መንግሥት ለፈቀደላቸው የራስ አገዝ ቤት ሥራዎች ግን ያለ ጨረታ በምደባ ሊሰጥ እንደሚችል አስፍሯል። በጨረታ ከባለ ብዙ ገንዘብ ጋር መወዳደር ለማይችሉ አስተማሪዎችና ነርሶች ዋናው በር ይህ ነው። አዲስ አበባ ላይ በ1990ዎቹ መጨረሻ በተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ዕጣ ሲወጣ ለሴቶች 30 በመቶ ድርሻ መለየቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። የቤት ፕሮግራም ሲወጠን ሴቷ በስሟ ካልተጠቀሰች በልማድ ወደ ኋላ እንደምትቀር ታውቆ ነው።

ሁለተኛው ቀን ለእኒህ እናት ልዩ ቀን ነበር። የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ አባላት የይዞታውን ወሰን ሊያዩ መጡ። ከአባላቱ አንዷ ሴት ናት። በአራቱም ማዕዘን ያሉ ጎረቤቶች ተጠርተው ድንበሩን እየዞሩ አረጋገጡ። አንድ ሽማግሌ ከጥንቱ የድንበር ዛፍ ሥር ቆመው፣ «እስከዚህ የእርሷ ነው፤ ከባሏ ጋር ስትቆፍረው አይቻለሁ» ሲሉ መሰከሩ። እኒያ እናት ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሲወስዱ አየሁ። ቃለ ጉባኤው ተጻፈ፤ ፈረሙበትም። ደብተሩ በስማቸው ተዘጋጅቶ እስኪወጣ ድረስ ገና ጊዜ ይወስዳል።

ሰዎቹ ከተበተኑ በኋላ በትር አንሥተው ሊሠሩ ያሰቡትን ቤት መሬት ላይ ነደፉልኝ። ቤቱ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ ከእንሰቱ ጓሮ ሳይርቅ ከፍ ባለው ሥፍራ ላይ ይቆማል። ግድግዳው ጭቃ ቢሆንም ከሥሩ ድንጋይ ይነጠፍለታል፤ ምስጥና ርጥበት እንዳይበላው። ማገሩና ምሰሶው ከራሳቸው ባሕር ዛፍ ይቆረጣል እንጂ ከደኑ አይነካም። ማድ ቤቱ ጢሱ መኝታ ቤት እንዳይገባ ለብቻው ይሆናል። የቆርቆሮው ውኃ በአሸንዳ ወደ በርሜል ይወርዳል። መጸዳጃውም ከምንጩ ቢያንስ 30 ሜትር ይርቃል። ጭቃው በደቦ ይመረጋል፤ ስለዚህ በብር የሚገዛው በሩ፣ መስኮቱና ቆርቆሮው ብቻ ነው። ርካሽ ቤት ማለት እንዲህ ያለው ነው። ወረቀቱ ሳያልቅ ተጀምሮ ከሚፈርሰው ግን የበለጠ ውድ ቤት የለም።

አዲስ አበባ ተመልሼ ያየሁትን ሁሉ ለባልደረባዬ ነገርኋት። ስለ አርባ ሁለቱ ቆርቆሮ ስነግራት ዝም ብላ አዳመጠች። ስለ ሽማግሌው ምስክርነት ስነግራት ግን ፊቷን አዞረች። በመጨረሻም፣ «እኔ ደብተሩን ጨርሶ አላሰብሁትም ነበር። እናቴን ሰነፍ አድርጌያት ኖሬአለሁ» አለች። በዚያው ወር ደመወዝ ስትቀበል የላከችው ገንዘብ ለአመልካች መመላለሻና ለደብተሩ ጉዳይ የሚውል ነበር።

እንግዲህ ለእናታችሁ ወይም ለራሳችሁ ቤት ለማሠራት ያሰባችሁ እህቶች፣ ከቆርቆሮው በፊት የይዞታ ደብተሩን ጠይቁ። በማን ስም እንደወጣ፣ የእናታችሁ ስም መኖሩንም አረጋግጡ። ባል በሕይወት ሳለ ሁለቱም አብረው ይቅረቡ። ቦታው ለመኖሪያ የተፈቀደ፣ ወደፊትም ለመንገድ ወይም ለደን ያልተከለለ መሆኑን ከቀበሌው ጠይቃችሁ ተረዱ። ስለ ፕላን ስብሰባ ሲጠራ እናቶች ለቡና ማፍላት ብቻ ሳይሆን ለመናገርም ይገኙ። የምትሠሩት ቤት የምትኖርበት ሴት ማድ ቤቷን የት እንደምትፈልግ ሳትጠየቅ መሠረት አይቆፈር።

የደካዋ እናት ሥራውን የሚጀምሩት ዝናቡ ጋብ ሲል፣ በታኅሣሥ ግድም ነው። እስከዚያ ድረስ አርባ ሁለቱ ቆርቆሮ በሰሌን ተሸፍኖ ይጠብቃል።