ሴል ስፖርት አሠራለሁ

የቀድሞ ተማሪዎቼ «እዚያ ምን እየሠራህ ነው?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። መልሱ ያስቃል፤ ሴል ስፖርት አሠራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲ2ሲ12 የሚባሉ የአይጥ ጡንቻ ሴሎች አሉ፤ መነሻቸው እ.ኤ.አ. በ1977 ይፋ ሆኖ እስከ ዛሬ በየላብራቶሪው ይባዛሉ። በትንሽ የላስቲክ ሳህን፣ በ37 ዲግሪ እናሳድጋቸዋለን። ሳህኑን ሲሞሉት ምግባቸውን ቀነስ እናደርጋለን። ያኔ መባዛቱን ትተው እርስ በርስ እየተዋሃዱ ረዣዥም የጡንቻ ክር ይሆናሉ። ከዚያ የኤሌክትሪክ ምት ስንልክባቸው ይኮማተራሉ። መጀመሪያ በማይክሮስኮፕ ያየሁ ቀን ብቻዬን ሳቅሁ።

ለምን ይህን ሁሉ እንደክማለን? ሰው ሲሮጥ ልቡም፣ ጉበቱም፣ ሆርሞኑም አብሮ ይሠራል፤ የትኛው ምን እንዳደረገ መለየት ይቸግራል። ሳህኑ ላይ ግን ጡንቻው ብቻውን ነው።

ከዚህ ሙያ ከተማርኩት ሁሉ አንዱ ከአእምሮዬ አይጠፋም። ስኳር ወደ ጡንቻ የሚገባበት ግሉት4 የሚባል በር አለ። ኢንሱሊን ይከፍተዋል። ጡንቻው ሲኮማተር ደግሞ ኢንሱሊን ሳይጠብቅ በሌላ መንገድ ይከፍተዋል። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ባለበት ሰው የኢንሱሊኑ ቁልፍ ይደነዝዛል፤ የእንቅስቃሴው ግን ይሠራል።

እማዬ ስኳር አለባት። እኛ ልጆቿ ምን አደረግን? «በቃ፣ አንቺ ደክመሻል» ብለን ሠራተኛ ቀጠርንላት። ገበያ ቀረ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ በመኪና ሆነ። ሳንቲሙን ከላኩት አንዱ እኔ ነኝ፤ ቀን ቀን ሴል የማንቀሳቅሰው ሰውዬ!

ባለፈው ወር ደውዬ ስለ በሩም ስለ ቁልፉም አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «አንተ ልጅ፣ እኔ መቼ ልቀመጥ አልኩ? እናንተ አይደላችሁ ያስቀመጣችሁኝ?» አለች። መልስ አጣሁ።

አሁን ሐኪሟን አማክረን፣ ኪኒኗን እንደወትሮው እየወሰደች፣ እህቴ ማታ ማታ አብራት ትራመዳለች። ጉልበቷን ሲያማት ያርፋሉ። የኔ ሴሎች ጉልበት የላቸውም፣ አይሰለቻቸውም፤ ማብሪያውን ብቻ ነው የምጫነው። ለእማዬ ግን አብሯት የሚወጣ ሰው ያስፈልጋታል። እናንተም ቤት «አርፈው ይቀመጡ» የተባሉ እናት ወይም አባት ካሉ፣ ነገ አብራችኋቸው ውጡ።

ትናንት ማታ ደወልኩ፤ አላነሳችም። ቆይታ መልሳ ደወለችና «ወጣ ብዬ ነበር» አለችኝ።