ሕይወት መልካም ከሆነች ሰው ስለ ምን ይዋጋል?

ባለፈው የጽጌ ወር በአንዱ እሑድ ጭሮ ከተማ አስቀድሰን ወደ ቤት ስንመለስ፥ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ የሆነችው የልጅ ልጃችን እጃችንን ይዛ ብዙ ከተጓዘች በኋላ፥ «አባባ፥ ካህኑ ሕይወት የእግዚአብሔር ስጦታ ናት፥ መልካምም ናት አሉ። መልካም ከሆነች ሰዎች ስለ ምን ይዋጋሉ?» ብላ ጠየቀችን። እኛም እንደ ማንኛውም ሽማግሌ ፈጥነን፥ «ሰይጣን እያሳሳታቸው ነው» አልናት። እርስዋ ግን ጥቂት ዐስባ፥ «ሰይጣንማ ጠመንጃ አይተኵስም» አለችና ዝም አለች። ነገሩ ሐሰት ስላልነበረ ሳይሆን፥ ፈጥነን ስለ መለስን ዐፈርን። ሰይጣን እንደሚያሳስት እርስዋም ታውቃለች፤ የጠየቀችው የሚሳሳተው ሰው ስለ ምን እሺ እንደሚለው ነበርና።

የጨርጨርን አገር የሚያውቅ አንባቢ ይህ ጥያቄ እዚህ ላይ ይልቁን እንደሚከብድ ይረዳልናል። ጭሮን፥ ማለት የቀድሞዋን አሰበ ተፈሪን፥ ተራሮች ከበዋት ይገኛሉ። በኅዳር ወር ማሽላው ሲደርስ፥ በገለምሶና በበዴሳ በኩል ቡናው ሲቀላ፥ ጎረቤት ለጎረቤቱ ጉዛ ወጥቶ ሲያጭድ ያየ ሰው ኑሮ አይጠቅምም ብሎ ሊናገር አይችልም። ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ገበያ ይውላሉ፤ በልቅሶ ጊዜ አንዱ ለሌላው ይደርሳል። እኛ ራሳችን በሕፃንነታችን የእስላም ጎረቤታችን ሚስት በምታፈላው ሆጃ ነው ብርዱን ያሳለፍነው። አገሩ መኖርን የሚያስወድድ እንጂ የሚያስጠላ አይደለም።

ነገር ግን ይህ መንገድ ሌላም ነገር ያውቃል። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ምእመናን ወደ ቁልቢ ገብርኤል ሲጓዙበት የምናየው መንገድ የጦር ሠራዊትም የሚመላለስበት ሆኖ ኖሯል። ከሒርና ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ በምትገኘው በጨለንቆ በ1879 ዓ.ም. የምኒልክና የሐረሩ አሚር የአብዱላሂ ሠራዊት ተጋጥመው ደም ፈስሷል። ልጅ ኢያሱ ከዙፋን በወረዱበት በ1909 ዓ.ም. በሚኤሶ በኩል ወገን ከወገን ተታኵሷል። በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያኖች መጡና የከተማዋን ስም ስንኳ ለውጠው «አስባ ሊቶሪያ» አሏት፤ በ1933 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ከሐረር ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ በዚሁ አለፈ። ከአሰቦት ተራራ ላይ፥ ከአቡነ ሳሙኤል ገዳም፥ ቁልቁል ለተመለከተ ሰው የአሮጌው ባቡር ሐዲድ የሚያልፍበት ሜዳ ይታየዋል። በላይ መነኰሳቱ ስለ ዓለም ሰላም ሲማልዱ፥ በታች ወታደር የጫነ ባቡር ሲያልፍ ኖሯል ማለት ነው።

ከዚህ አገር ታሪክ ለልጅቱ ጥያቄ የቀረበ ሆኖ ያገኘነው የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሕይወት ነው። እኒህ ሰው ገና ልጅ ሳሉ ከዘማቹ ጋር ወጥተው በ1888 ዓ.ም. የዓድዋን ጦርነት በዐይናቸው አይተዋል። ከዚያም ወደ ሩሲያ ተወስደው የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በተሾሙ ጊዜ ጨርጨርን ገዙ፤ አሰበ ተፈሪንም መቀመጫቸው አድርገው፥ አውራጃው ለሌሎች አርአያ እንዲሆን ደከሙ። የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እርሳቸው ናቸው። እንግዲህ መድፍ መተኰስን የተማረ ሰው ዕድሜውን በመንገድና በአስተዳደር ሥራ ማሳለፉ፥ የሕይወትን ጣዕም የሚያውቅ መሆኑን ያሳያል ብለን እናምናለን።

ኢጣልያ ጦርነት ባሰበች ጊዜ በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ ኢትዮጵያ የተሟገቱት እኒሁ የጨርጨር ገዥ የነበሩት ሰው ናቸው። ፍርድን በቃል ለመኑ፤ በወረቀት ለመኑ። መልሱ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን መሻገሩ ሆነ። ከዚያ በኋላ ፊታውራሪ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲወጡም፥ መውጣቱን ተቃውመው ውጊያው በአገር ውስጥ ይቀጥል ካሉት ወገን ነበሩ። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልብ በልልን! ስለ ሰላም በጄኔቭ የተሟገተውና «እንዋጋ» ያለው አንድ ሰው ነው። ይህን ያለው ሕይወትን ንቆ ነው ብሎ የሚፈርድበት ማን ነው? እኛስ አንፈርድም። ከብዙ ዓመት ስደት በኋላ ተመልሰው በሒርና እርሻቸውን እያረሱ ኖሩ፤ የሕይወት ታሪካቸውንም ጽፈው ተዉልን። ያረፉት በ1969 ዓ.ም. ነው።

በዚያው በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ገባ። ከዚህ በኋላ የምንናገረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቤታችን ነው።

ታላቅ ወንድማችን፥ ጋሼ የምንለው፥ በዚያን ጊዜ የሃያ ሁለት ዓመት ጎልማሳ ነበረ። ሚስት ታጭቶለት ነበር። ከቤታችን በላይ ባለው ተረተር ላይ የቡና ችግኝ ተክሎ፥ ጥላ የሚሆነውን ዛፍ እየመረጠ ነበር። የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ማንም ሳይገፋው ሄዶ ተመዘገበ። እናታችን ሌሊቱን ሙሉ በሶ ስትፈጭ ዐደረች፤ በጠዋትም በነጭ ጨርቅ ቋጥራ፥ እርስዋ ብቻ በምታውቀው አኳኋን ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ አጥፋ፥ በትከሻው አንጠለጠለችለት። እኛ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርን። እውነቱን ለመናገር አላለቀስንም፤ ይልቁን ቀናን። ከእኩዮቻችን ጋር በከተማው መካከል እየፎከርን ዘማቾቹን ሸኘን፤ በዚያ ማዶ ያሉት ሁሉ እንዲያልቁም ከልባችን ተመኘን። በማዶ ያሉት ሰዎች መሆናቸው ትዝ አላለንም። ይህን ኀጢአት ዛሬ በንስሐ ብንናገረውም፥ በዚያን ጊዜ የተሰማን ደስታ እንደ ነበረ መሸሸግ አይገባንም።

የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ተያዘች፤ ጅጅጋም ነጻ ወጣች። ጋሼ በሕይወት ተመለሰ፤ ቤቱም እልል አለ። ቅሉ ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በር ላይ ቆሞ ያስቀድስ እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም ነበር። ሰው አንዳንዱ በዘመኑ የነበረው የካድሬ ትምህርት አስቶት ነው አለ፤ አንዳንዱ ልማድ ነው አለ። እኛም ዐፈርንበት። ሦስት ዓመት ያህል እንዲህ ቆየ። በአራተኛው ዓመት በፋሲካ ሌሊት ገብቶ ሥጋውንና ደሙን ተቀበለ። እናታችን ከሞተች በኋላ ነው ምክንያቱን የነገረን። ካራማራ ሥር አንድ የሞተ የጠላት ወታደር አጠገብ በጨርቅ የተቋጠረ ስንቅ አገኘ። ውስጡ ምን እንደ ነበረ አላየም። ቋጠሮው ግን ሁለት ጊዜ የታጠፈ ነበር። «ያቺም ሌሊቱን ስትፈጭ ነው ያደረችው» አለን፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ቅዱስ ባስልዮስ ስለዚህ ነገር የደነገገውን ያነበብነው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። አባቶች በጦርነት የገደለውን እንደ ነፍሰ ገዳይ አልቈጠሩትም፤ ሆኖም እጁ ንጹሕ ስላይደለ ሦስት ዓመት ከቅዱስ ቍርባን ቢከለከል መልካም ነው ይላል። ጋሼ ይህን ቀኖና አንብቦ ኖሯል እንዳንል መጽሐፍ የሚያገላብጥ ሰው አይደለም፤ የንስሐ አባቱ ነግረውት እንደ ሆነ ግን እኛ አልጠየቅንም፥ ጥያቄውም የሚገባን አይደለም። የሚያስደንቀን አባቶች ሁለቱን ነገር በአንድ ጊዜ መያዛቸው ነው፦ አገሩን የጠበቀውን አልኰነኑም፥ ደሙንም ውሃ ነው አላሉም።

እንግዲህ ሰው ስለ ምን ይዋጋል? እኛ እንደ ተረዳነው ሕይወትን ስለሚጠላ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚዋጋው እጅግ ስለሚወድዳት ነው፤ ነገር ግን የሚወድዳት የራሱን፥ የልጁን፥ የመንደሩን ብቻ ነው። የማዶውን ሕይወት በዚያው ሚዛን አያስቀምጠውም። ፍርሃትም አለበት፤ ከጥላቻ ይልቅ ፍርሃት ጠመንጃ ያስነሣል፤ ጐረቤቴ ሳይቀድመኝ ልቅደመው ማለት የቃየል ዘመን ነገር ነው። ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ በአራተኛው ምዕራፍ ጦርና ጠብ ከውስጣችን ከሚዋጋው ምኞት እንደሚወጣ ያስተምራል። በዚህ ላይ፥ አንዳንዱ አንባቢ ቅር ቢለውም፥ ጦርነት ለድኻ ጐልማሳ ስም የሚሰጥ መሆኑን እንጨምራለን። በሰላም ጊዜ ማንም ስሙን የማይጠራው ልጅ በፉከራ ጊዜ ጀግና ይባላል። የሚያውጀው አንድ፥ የሚሞተው ሌላ መሆኑም እንግዳ ነገር አይደለም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ስንኳ ከጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን የሆነውን ለማስረዳት አይበቃንም። በዚያ ጦርነት በሁለቱም ወገን አንድ ጾም የሚጾሙ፥ በአንድ ቅዳሴ ስለ ሰላም የሚለምኑ ልጆች ተሰልፈው ተላለቁ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ሁለት ዓመት ፈጀ። በዚያን ወራት እኛም በጭሮ ቤታችን ተቀምጠን ዜና ስንሰማ፥ ያ የዐሥራ አራት ዓመቱ ልጅ በውስጣችን አለመሞቱን አየን። የአንዱ ወገን ከተማ ተያዘ ሲባል ልባችን ወደ አንድ በኩል ሲዘል ያዝነው። ጋሼ ግን ራዲዮኑን ዘግቶ ወደ ቡናው ይወጣ ነበር።

ልጅቱ መልሳችን እንዳላጠገባት ስላወቅን፥ በማግሥቱ ወደ እርሱ ይዘናት ወጣን። ዛሬ ሰባ ዓመቱን አልፏል፤ በ1969 ዓ.ም. የተከላቸው ችግኞች ጥቂቶቹ እስከ ዛሬ ያፈራሉ። ቀዩን ፍሬ እየለቀመ ሳለ ጥያቄዋን እንዳለ ደገመችለት። ሥራውን አቁሞ ብዙ አያት፤ ከዚያም ቅርጫቱን አስይዟት፥ «ልጄ፥ ያንን ጨርቅ እንደ ገና ፈትቼ ባየሁት ኖሮ እላለሁ» አላት። እርስዋም የትኛውን ጨርቅ እንደ ሆነ ጠየቀችው። እርሱም ከዛፉ ሥር ተቀምጦ ከመጀመሪያው ይነግራት ጀመር፤ እኛም ወደ ቤት ወረድን።