ለውሻው ሐውልት፣ ለመንደሩስ?

ከለንደን እስከ ባኪንግሃም ያለው መንገድ ለወሬ አይበቃም፤ ሜዳ፣ ቁጥቋጦ፣ እንደገና ሜዳ። ከከተማዋ አለፍ ብሎ የሚገኘው የስቶው የአትክልት ስፍራ ግን ያስደምማል፤ እኔን ደግሞ ያናድደኛል። ሐይቁም ጉብታውም የሰው እጅ ሥራ ሆኖ ሳለ ተፈጥሮ ያሰናዳችው ይመስላል። የዚህን ማስመሰል ዘዴ ዳር ላይ ያለው ቦይ ያጋልጠዋል። በአትክልቱ በኩል በግንብ ተደግፎ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ በግጦሹ በኩል ሣር እንደለበሰ ቀስ እያለ ይወጣል። ከቤቱ ሆኖ ለሚያይ አጥር የሚባል ነገር የለም፤ በጎቹ ግን አይሻገሩም። ከዓይን የተሰወረው አጥር ብቻ ቢሆን ምንም ባልከፋኝ።

የርስቱ ባለቤት ሎርድ ኮብሃም የነፃነት ጠበቃ ነኝ ባይ ነበር። ዊልያም ኬንት በ1730ዎቹ በነደፈለት የታላላቆች መታሰቢያ ከተደረደሩት 16 ምስሎች አንዱ ጆን ሃምፕደን ነው፤ ፓርላማ ያልፈቀደውን የንጉሥ ግብር አልከፍልም ብሎ የተሟገተ፣ የዚሁ የባኪንግሃምሺር ሰው። በዚያው መታሰቢያ ጀርባ ፊዶ ለተባለ ውሻ ረጅም ውዳሴ ተቀርጿል፤ ሟቹ ሰው አለመሆኑ የሚታወቀው መጨረሻው ላይ ነው። ቀልዱ ያስቃል። ግን ትንሽ ራቅ ብሎ በዛፍ የተከለለ የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የስቶው መንደር የነበረው በዙሪያው ነው። ነዋሪዎቹ ወደ ዳድፎርድ ሄደዋል፤ ቤቶቻቸው የሉም። ውሻው ያገኘውን ያህል ድንጋይ እንኳ አልደረሳቸውም።

መንደሩ መመናመን የጀመረው ቀደም ብሎ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መሬቱ ሲታጠር ነው፤ ሁሉን በኮብሃም ላይ መጫን አይገባም የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ይሁን እንጂ ያጠረው የገዛ ቤተሰቡ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም በዛፍ የተሸፈነው እይታ እንዳያበላሽ ነው። ዛሬ ቲኬት የቆረጠ ሁሉ ስለሚገባ የጥቂቶች ምቾት የሕዝብ ሀብት ሆኗል የሚለው መከራከሪያም ብዙ አያስኬድም። ስቶው ከጥንቱም ለጎብኚ የተሠራ ነው፤ የእንግዶች ማረፊያው የተከፈተው በ1717 ሲሆን መምሪያ መጽሐፉም በ1744 ታትሟል። መታየት የባለቤቱ ክብር ነበር። ወራሾቹ በዕዳ ተዘፍቀው በ1848 የቤቱ ዕቃ በሐራጅ መሸጡም ለዳድፎርድ ሰዎች ካሳ አይሆንም። ውበቱን አልክድም፤ ሐይቁን ድፈኑት፣ ዛፉን ቁረጡት የሚል ሐሳብም የለኝም። ጉብኝቱ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ይጀምር፤ ሃምፕደንና ውሻው ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።