ስለ አእምሮ ሕመምና ስለ ገመድ

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለው ገጠር የአንድ ሰው አእምሮ ሲታወክ፥ ቤተ ሰቡ አስቀድሞ የሚፈልገው ገመድ ነው። ይኸውም ከጭካኔ የመጣ ሳይሆን፥ በሽተኛው በሌሊት ወጥቶ ገደል እንዳይገባ ከመፍራት ነው።

ነገር ግን ገመዱ በሕግ ዘንድ የሚያስከትለውን የሚያውቅ ጥቂት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 342፥ ነዋሪው ከ2,000 በሚያንስ የገጠር መንደር ቤተ ዘመዶቹ ስለ አእምሮው ሁኔታ የሚጠብቁትንና እንደ ልቡ እንዳይዘዋወር የከለከሉትን ሰው እብደቱ እንደ ታወቀ ይቆጥረዋል። የተዋዋለውም ውል ሊፈርስ ይችላል። በችሎት ጸሐፊነቴ እንደ ታዘብሁት፥ የበሽተኛውን እርሻ የሚመኙ ዘመዶች ከሐኪም ስም ይልቅ ይህን ቁጥር ፈጥነው ያነሣሉ።

ሕመሙ ግን የሚታከም ነው። በሽተኛው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፤ ጎረቤቱ መርዝ እንዳዘጋጀለት ያምናል፤ እንቅልፍ ያጣል፤ ገላውን መታጠብ ይተዋል። «ድምፅ የለም» ብሎ ከእርሱ ጋር መከራከር አይረባም፤ ፍርሃቱ ግን እውነተኛ ነውና ማረጋጋት ይገባል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952 በፓሪስ ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት ለዚህ ሕመም ከተሠራበት ወዲህ፥ ድምፁን የሚያበርዱ ብዙ መድኃኒቶች ተገኝተዋል። ኃይላቸው የሚታወቀው በሳምንታት ነው፤ «ተሻለኝ» ብሎ በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ ብዙ ጊዜ ሕመሙን ይመልሰዋል።

ወደ ግሽ ዓባይ ጠበል የሚወስዱትን አልነቅፍም፤ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነኝና። የእኅቴ ልጅ በአዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል የታዘዘለትን እንክብል በጠበሉ ይውጠዋል። ባለፈው ሰኔ በሬዎቹን ጠምዶ አረሰ፤ የእርሻውንም ውል ራሱ ፈረመ።