ጋቢናው እስኪሞቅ

የኬራኒዮ ልጅ የኅዳርን ንጋት በጆሮው ያውቀዋል። ከመስጊዱ የሱብሂ አዛን ይወጣል፤ ከመድኃኔዓለም በኩል የቅዳሴውን ዜማ ነፋስ ሲያመጣው ሲወስደው ይሰማል፤ ቀጥሎ በየግቢው የናፍጣ ሞተሮች ይነሳሉ። አንዱ ቋቋ ብሎ ዝም ይላል፤ ሌላው ሲንደቀደቅ ቆይቶ ይይዝና የቆርቆሮውን አጥር ያንቀጠቅጠዋል። እኔ ብርድ ልብሴ ውስጥ ተጠቅልዬ የአባዬን ሚኒባስ ድምፅ ከሌሎቹ ለይቼ አውቀው ነበር።

አባዬ የሚነዳት ሰማያዊና ነጭ የተቀባች አሮጌ ቶዮታ ሃይኤስ ነበረች። የራሱ አልነበረችም፤ ማታ ማታ ገቢ ለባለቤቷ ያስረክባል። አያያዙን ያየ ግን የሰው ንብረት ናት አይልም። ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ የመስታወቷን ጤዛ በጨርቅ ይጠርጋል፤ ይገባና ቁልፉን ግማሽ ዞር አድርጎ ይጠብቃል። ዳሽቦርዱ ላይ የተጠቀለለ ሽቦ ምልክት ያለባት ትንሽ ቢጫ መብራት ትበራለች። እሷ ሳትጠፋ ሞተር ማስነሳት የለም። እንቅልፍ እምቢ ባለኝ ጠዋት ሁሉ ጋቢና እገባና እሷን አፍጥጬ ማየት የእኔ ሥራ ይሆናል።

«ጠፋች?»

«ጠፋች አባዬ!»

ለምን እንደምንጠብቅ ጠይቄው ነበር። የቤንዚን መኪና ካንዴላ አለው፣ እሳት ይጭርለታል፤ ናፍጣ ግን ጫሪ የለውም፣ «ተጨንቆ ነው የሚነድደው» አለኝ። ካደግኩ በኋላ መጽሐፍ ሳገላብጥ ነገሩ እሱ እንዳለው ሆኖ አገኘሁት። ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ ከ20 እጥፍ በላይ ይታመቃል፤ ሲታመቅ ከ500 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ናፍጣው በዚያ ግለት ላይ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። በብርድ ጠዋት ግን ቀዝቅዞ ያደረው ብረት ግለቱን ይቀማል። ናፍጣው ቶሎ አይቀጣጠልም፤ ይጠራቀምና ባንዴ ይነድዳል፣ ያ ቋቋታ እሱ ነው። ሳይነድድ የቀረው ነጭ ጭስ ሆኖ በማርሚታው ይወጣል። የከተማችን ከፍታም ይጨመርበታል፤ አዲስ አበባ ላይ አየሩ ራሱ ስስ ነው፣ የሚታመቀውም በዚያው ልክ ያንሳል።

የዚያ ነጭ ጭስ ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልወጣም። ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይይዛል፤ እኔ ግን እወደው ነበር። ከባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስና ከዳቦ ቤቱ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚመጣው። በኅዳር 12 ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ጥራጊውን ሰብስቦ ሲያጥን፣ የአባዬ ሞተር ጭስ ከየደጁ ጭስ ጋር አንድ ይሆንና ሰው ለሰው አይተያይም ነበር። አያቴ በዚያ ቀን በ1911 ዓ.ም. ስለገባው የኅዳር በሽታ ከእናቷ የሰማችውን ታወራልናለች፤ እኛ እያሳልን እናዳምጣለን።

የሚኒባሷ ባትሪ የደከመ ጠዋት ትንሽ ግርግር አለ። ቁልፉ ሲዞር እህ እህ ብላ ዝም ትላለች። አባዬ ወርዶ ሰው መጥራት አያስፈልገውም። ሱብሂ ሰግደው የሚመለሱት ሐጂ ካፖርታቸውን ሰብሰብ አድርገው ከኋላ ይቆማሉ፤ ወደ ቅዳሴ የሚሄዱት እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው በጎን ይይዛሉ፤ ረዳቱ «በሉ ግፉ!» ይላል። ቁልቁል ትንሽ ከተንደረደረች በኋላ አባዬ ፍሪሲዮኑን ሲለቀው ትንፈራገጥና ትነሳለች፤ ገፊው ሁሉ በጭስ ይሸፈናል። ሐጂ ጭሱን በእጃቸው እያባረሩ «አላህ ያቅናህ» ብለው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ጥግ ላይ ሻይ የምትሸጠው እትዬም አንድ ብርጭቆ ይዛ ትመጣለች፤ ሂሳቡን እስከ ማታ አትጠይቅም።

አባዬ እንደ ሌሎቹ ሾፌሮች ቆሞ ነዳጅ እየረገጠ አያስጮሃትም። «ዘይቱ ገና ላይ አልደረሰም» ይላል። ቆማ ብትውል እንደማትሞቅም ያውቃል፤ ናፍጣ ሞተር ያለ ሥራ ሲዞር የሚበላው ጥቂት ነው፣ የሚያወጣውም ሙቀት ጥቂት ነው። ስለዚህ ቋቋታዋ ረገብ እስኪል ብቻ ይጠብቅና እያዘገመ ወደ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ይወጣል። መርካቶ ሳይደርስ አይፈጥንም።

ሃይኤስ ሞተሯ ከጋቢናው መቀመጫ ሥር ነው። ሌዘሩ የተሰነጠቀ፣ ስፖንጁ የወጣ መቀመጫ ነበር፤ ስቀመጥበት በረዶ ነው። እጄን ዝቅ አድርጌ የቆርቆሮውን ጠርዝ እነካለሁ። መጀመሪያ እሱ ለብ ይላል፣ ከዚያ ሙቀቱ በሱሪዬ ጨርቅ ውስጥ ቀስ እያለ ይመጣል። ጌጇን ሳላይ መርፌው ከ«ሲ» ተነስቶ የት እንደደረሰ በመቀመጫዬ እናገራለሁ፣ አባዬ አይቶ «ልክ ነህ» ይለኛል። ያ ሙቀት ግን የእኔ ብቻ አልነበረም። አዛውንት ወይም ሕፃን የታቀፈች እናት ስትመጣ ረዳቱ ሳይነገረው ያነሳኛል፤ የብርድ ጠዋት ጋቢና ለእነሱ ነው። እግራቸውን ሲዘረጉና «እፎይ» ሲሉ ትዝ ይለኛል።

ሚኒባሷ አባዬ እጅ ስትገባ ቴርሞስታት አልነበራትም። ያኔ ብዙ መካኒክ መኪና ውሃ አፈላ ከተባለ ፈትቶ ይጥለዋል። ውሃው ያለ ከልካይ ሲዞር አያፈላም፤ በኅዳር ጠዋት ግን አይሞቅም። አባዬ ራዲያተሩ ፊት ካርቶን እየወተፈ ጥቂት ከረመ፤ በመጨረሻ ከሶማሌ ተራ አንዲት የነሐስ ዕቃ በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። ሳይገጥማት ሊፈትናት ፈለገ። የእማዬን ድስት ከሰል ላይ ጥዶ፣ ቴርሞስታቷን በክር አንጠልጥሎ ውሃው ውስጥ አገባት። እማዬ «ኧረ ድስቴን!» ብላ ጮኸች፤ መጥታ ግን ከእኛ ጋር አጎንብሳ ታይ ጀመር።

ውሃው ጢስ አወጣ፤ ከሥር ትንንሽ አረፋ ተነሳ። መሀሏ ያለችው ክብ ሳህን ሳትታሰብ እንደ ዓይን ቆብ ስንጥቅ አለች፣ ቀስ ብላም ተከፈተች። ብዙም ሳይቆይ ውሃው ተንተከተከ። «አያችሁ፣ ሳይፈላ ከፈተች» አለ አባዬ፣ ፊቱ በርቶ። ላይዋ 82 የሚል ተቀርጾባታል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፣ 100 አይጠብቅም። መካከላቸው ያለው ይህ ጠባብ ክፍተት ነው ያንን ሁሉ መካኒክ ያስፈራው፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ማፍላቱ ቅርብ ነው። አባዬ ክዳኑንም ቀየረው። ከዚያ በኋላ ጋቢናው መሳለሚያ ሳንደርስ ይሞቅ ጀመር።

አንዴ ኮንትራት ይዘን እንጦጦ ማርያም ወጣን። ከሽሮ ሜዳ በላይ ዳገቱን ስንያያዝ መቀመጫዬ ሊያስቀምጠኝ አልቻለም፣ ምእመናኑ መስኮት ከፈቱ። ስንመለስ ገርሞኝ ነበር፤ ቁልቁለቱ ገና ሳያልቅ ቆርቆሮው ለብ ወደ ማለት ተመለሰ። አባዬ እግሩን ከነዳጅ ላይ እንዳነሳ አሳየኝ፤ ናፍጣ ሳይገባ ሞተሩ ቀዝቃዛ አየር እየማገ ብቻ ይዞራል። መርፌውም እያየሁት ወረደ። ሰዎቹ መስኮቱን ዘግተው ነጠላቸውን ተከናነቡ፤ ከኋላ አንዲት እናት ቆሎ በእፍኝ እያደረጉ እስከ ጋቢና አዳረሱን።

አሁን ኬራኒዮ ስሄድ ንጋቱ ጸጥ ብሏል። ናፍጣዎቹ አላለቁም፣ ግን በመካከላቸው ድምፅ የሌላቸው እየበዙ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና የሰፈር ዕቃ ሆኗል። አየሩ ይሻላል፣ የልጆቼ ጉሮሮም ይሻለዋል፤ በዚህ ከልቤ ደስ ይለኛል። የሚናፍቀኝ ያ ሁሉ ሰው አንዲት ሞተር እስክትሞቅ ዙሪያዋን የሚቆምበት ጊዜ ነው።

ባለፈው ጥር አባዬን ለዓይኑ ሐኪም ዘንድ ስወስደው ኤሌክትሪክ ሚኒባስ ያዝን። ጋቢና ገብቶ እንደተቀመጠ እጁን ዝቅ አድርጎ መቀመጫው ሥር ዳሰሰ። ወጣቱ ሾፌር አየው።

«ምን ጠፋብዎት አባባ?»

«ምንም ልጄ። ሲበርድ እንዴት ነች?»

«አትነሳም ብላ አታውቅም። ብቻ ብርድ ሲሆን ባትሪው ቶሎ ይቀንሳል፤ እንደ ሞቃት ቀን አያስኬድም።»

አባዬ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ፤ ከዚያ የልጁን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

«በል እንግዲያ ጠዋት ጠዋት አትርገጣት። ቀስ እያልክ አውጣት።»